ባሕር ልናይ ነው

አስካለች ሻንጣ ልትዋስ ፈለቀች ቤት የሄደችው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። አቃቂ ውስጥ፣ ከሐዲዱ ዳር በተደረደሩት የቆርቆሮ ቤቶች መካከል፣ ሻንጣ ያላት ፈለቀች ብቻ ነበረች። ባሏ በሕይወት ሳለ ከአንድ ግሪክ ነጋዴ የገዛላት፣ ማዕዘኑ በብረት የተለበጠ ቡናማ ሻንጣ ነው። የክት ልብሷን ታስቀምጥበታለች እንጂ ለሰው አውሳው አታውቅም። አስካለችም ይህን ስለምታውቅ ለልመናም ለክርክርም ተዘጋጅታ ነበር የሄደችው።

«ሻንጣ?» አለች ፈለቀች፣ የምትለቅመውን ምስር ከጭኗ ላይ አንሥታ ወደ ጎን እያደረገች። «የት ልትሄጂ?»

«ጅቡቲ።»

«ጅቡቲ! ፈረንጅ አገር?»

«ፈረንጅ የያዘው አገር። ከአያናና ከልጆቹ ጋር ነው። ሰኞ ጠዋት እንሳፈራለን።»

«ምን አላችሁ ጅቡቲ?»

«ምንም የለንም። ባሕር ልናይ ነው።»

ፈለቀች አስካለችን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። «ባሕሩ ጠበል ነው እንዴ? ልጆቹን አሟቸዋል?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና ናቸው።»

«ንግድ ነዋ።»

«ኧረ የምን ንግድ! ለሽርሽር ነው እትዬ ፈለቀች። ባሕሩን እናያለን፣ ልጆቹ ይንቦጫረቃሉ፣ ዓሣ እንበላለን። ከዚያ እንመለሳለን። በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ፈለቀች ዓይኗን ወደ አልጋዋ ሥር ሰደደች። አስካለች ይህ ስስት መስሏት የምትለውን ልመና በአፏ ስታሰናዳ፣ ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጠየቀች፦ «በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

«በድሬዳዋ ነዋ። ሌላ ሐዲድ የት አለ?»

«ወንድምሽ ያለበት ድሬዳዋ?»

«አዎ፣ ፀሐዩ እዚያ አይደል የባቡር ጥገና የሚሠራው። በዚያው እናየዋለን።»

የፈለቀች ፊት ተለወጠ። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዝ አደረገች። ከዚያ ተነሥታ አልጋዋ ሥር ገባች፣ ሻንጣውን ጎትታ አወጣችው፣ የክት ልብሷን አንድ በአንድ እያነሣች አልጋው ላይ ከመረችና አቧራውን በእጇ ጠረገች።

«ውሰጂ ልጄ። ተጫረ ተሰበረ ብዬ አልጠይቅሽም። እግዜር ይርዳሽ።»

አስካለች ሻንጣውን አንጠልጥላ ስትወጣ ግራ ገብቷት ነበር። ለክርክር የተዘጋጀ ሰው ክርክር ሲያጣ እንደሚከፋው ትንሽ ከፍቷታል። ዘወር ብላ ስታይ ፈለቀች በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን ትጠርጋለች።

* * *

የዚህ ጉዞ ሐሳብ የተወለደው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ነው። አስካለች የምትሠራበት የፈትል ክፍል ኃላፊ አንድ ህንድ ነበር። በየዓመቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ይጠፋና ወፍሮ፣ እየሳቀ ይመለሳል። አስካለች አንድ ቀን ደፍራ ጠየቀችው።

«እናትህ ታመው ነው በየዓመቱ የምትሄደው?»

«አይ» አላት በተሰባበረ አማርኛው። «ባሕር። ቁጭ ማለት። ማየት። መብላት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መምጣት።»

ያን ዕለት ሴቶቹ ሁሉ ሳቁበት፤ እሷም ስቃለች። ነገር ግን በማግሥቱ የጥጡ ብናኝ አፍንጫዋን ሞልቶት፣ የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን ደፍኖት፣ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ያ የህንዱ ቃል መጣባት። ቁጭ ማለት። ማየት። ከልጅነቷ ጀምሮ ሥራ ያልያዘ እጅ ኖሯት ቁጭ ብላ አንድ ነገር ያየችበትን ቀን ፈለገችና አጣች። ልቅሶ ቤት እንኳ ስትቀመጥ ሽንኩርት ትልጣለች።

ባሏ አያና ደግሞ በአቃቂ ጣቢያ ለሚመጣና ለሚሄደው ባቡር ሐዲድ የሚያዘዋውር የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከብዙ ወሬ ጥቂት ዝምታ የሚመርጥ ሰው። እንደ ሠራተኛነቱ ቤተሰቡን ይዞ በዓመት አንድ ጊዜ በነፃ የመሳፈር መብት አለው፤ መብቱም እስከ ሐዲዱ መጨረሻ ነው። በዚህ መብት ግን አባቱን ሊቀብር ሞጆ ሄዷል። ለአክስቱ ተዝካር ናዝሬት ሄዷል። የታመመ አጎቱን ጠበል አድርሷል። ሌላው አቃቂ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ባቡር የሚሳፈረው ለቀብር፣ ለተዝካር፣ ለፍርድ ቤት፣ ለጠበል ወይም ለሠርግ ነው። ያለ ጉዳይ መንገድ የሚወጣ፣ አንድም ዕብድ ነው፣ አንድም የሚሸሸው ነገር አለው።

«ሐዲዱ የት ነው የሚያልቀው?» አለችው አስካለች አንድ ማታ፣ እራት እየበሉ።

«ጅቡቲ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ጅቡቲ ምኑ ላይ?»

«ባሕሩ ላይ።»

«ታዲያ ዕድሜ ልክህን ለሌላ ሰው መንገድ ስታቃና፣ መንገዱ የሚያደርሰውን ቦታ ሳታየው ልትሞት ነው?»

«ሰው ምን ይለናል፣ አስካሉ?»

«ምንም ይበል። ሰው የሚለው ቢያልቅ ነው የሚደንቀው።»

አያና ብዙ ቀን አቅማማ። በመጨረሻ ግን ልጅቷ መዓዛ «ባሕር ማዶ አለው ወይስ የለውም?» ብላ ጠየቀችውና፣ መልሱን እንደማያውቅ ሲገባው እሺ አለ። ወሰን የሚያሳልፈውን ወረቀት አወጣ። አስካለችም የዓመት ፈቃዷን ጠየቀች። ህንዱ ኃላፊ የት እንደምትሄድ ሲሰማ እጇን ጨበጣት፤ ከፋብሪካው ሰው ሁሉ ነገሩ የገባው እሱ ብቻ ነበር።

* * *

እሑድ ጠዋት አስካለች ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ሴቶቹ ሲስሟት ከወትሮው በላይ ቆዩ። አንዷ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ» አለቻት። ለመንገዱ መስሏት «ባቡሩ ምን ያደርገኛል!» ብላ ሳቀች። እነሱ ግን አልሳቁም።

ከዚያ ለልጆቹ የላስቲክ ጫማ ልትገዛ ታጁ ሱቅ ጎራ አለች። ታጁ ከስልጤ የመጣ፣ በቀልዱና በችርቻሮው አቃቂን ሁሉ የሚያውቅ ነጋዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ስለ ጉዞው ሲሰማ «ባሕሩ ጨው ነው አሉ፤ ጨው ለማየት ያን ያህል ከምትደክሚ፣ እኔ ጆንያ ከፍቼ አላሳይሽም?» ብሎ አስቋት ነበር። አሁን ግን ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ።

«ይኼ ስንት ነው?» አለች፣ የታናሹን ልጇን የታደሰን ጫማ ይዛ።

ታጁ ዋጋውን ነገራት። አስካለች ጆሮዋን ተጠራጠረች። ታጁ የመጀመሪያ ዋጋ አድርጎ የተናገረው እሷ ከረጅም ክርክር በኋላ ልትደርስበት ያሰበችው ነበር።

«ምን ሆነሃል ታጁ? አሞሃል እንዴ?»

«ውሰጂው እህቴ፣ ውሰጂው። አላህ ያጽ... ማለቴ፣ መንገዱን ያሳምርላችሁ።»

«ዛሬስ ጨው ላሳይሽ አትለኝም? ወይስ ተወደደ?»

ታጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ዓይኑን ጣለና ጫማዎቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረ። ያ የተጣለ ዓይን ነው አስካለችን ያቆማት። እንዲህ ያለ ዓይን ታውቃለች። አምና እሷም እንዲህ ያለ ዓይን ነበራት።

አምና ለጎረቤታቸው ለወልደገብርኤል የእናቱ መርዶ መጥቶ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ እሱ ብቻ አልሰማም። ያገሩ ደንብ ነውና ሰው ሐዘኑን ድንገት በመንገድ ላይ እንዳይሰማ ሁሉም አፉን ይዘጋል። ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው እስኪያረዱት ድረስ፣ ወይም ደግሞ በሆነ ምክንያት አታልለው ልቅሶው ወዳለበት እስኪወስዱት። ወልደገብርኤልን «የዘመድ ሠርግ አለ» ብለው ወሰዱት። አስካለች ራሷ ናት ሸሚዙን የተኮሰችለት። «ክራባት ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቃት እንዲህ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ «ያምርብሃል» አለችው። ደብረ ዘይት ሲደርስ የጠበቀው ድንኳን የሠርግ አልነበረም።

ጫማዎቹን ተቀብላ ወጣች። የፈለቀች ሻንጣ፣ የሴቶቹ «አይዞሽ»፣ የታጁ ዋጋ አንድ ላይ ተሰልፈው ፊቷ ቆሙ። ከኔ ሰው አንዱ ሞቷል። ሁሉም ያውቃል፣ እኔ ብቻ አላውቅም። ባሕሩ፣ ሽርሽሩ፣ ሁሉ እኔን ማታለያ ነው። የባሕሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ? ነኝ፤ ግን አያና ያን ያህል ቀን አቅማምቶ ድንገት እሺ ያለው ለምንድን ነው? ድሬዳዋ ላይ ሊያወርደኝ ነው።

ፀሐዩ።

* * *

ቤት ስትገባ አያና የልጆቹን ልብስ ሻንጣው ውስጥ ይደረድር ነበር። አስካለች በሩን ዘጋችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ፀሐዩ ምን ሆኗል?»

አያና እጁ ሻንጣው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያየችው ፍርሃት ልቧን ሰነጠቀው።

«እንዴት ነገሩሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። አንተ ንገረኝ!»

«እኔም አላውቅም፣ አስካሉ። በእናቴ አጥንት፣ አላውቅም። ትናንት ማታ አቶ ገብረጻድቅ ጠሩኝ።» ገብረጻድቅ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው፣ ለሰፈሩ ሁሉ እንደ አባት። «‹ሚስትህን ድሬዳዋ ወስደህ በሰው አገር፣ በባዕድ መካከል ልታረዳት ነው እንዴ? ምን ዓይነት ወንድ ነህ? እዚሁ በወገኗ መካከል ትረዳ› አሉኝ። ደነገጥኩ። የሰሙት ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ዝም አልክ? አልጠየቅካቸውም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ? ባሏ ሆኜ የወንድሟን ሞት ከእናንተ ነው የምሰማው ልበል? ዛሬ ጠዋት ከጣቢያው ወደ ድሬዳዋ ስልክ አስደወልኩ። ‹ፀሐዩን አቅርቡልኝ› አልኩ። ‹የለም› አለኝ አንዱ። ‹የት ሄደ?› ስል መስመሩ ተቋረጠ።»

አስካለች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልጆቹ ውጪ ይንጫጫሉ፤ መዓዛ ለታደሰ ባሕር ውስጥ እንዴት እንደሚዋኝ በአቧራው ላይ ተኝታ ታሳየዋለች።

«እንቆይ» አለ አያና በዝግታ። «እውነቱ እስኪታወቅ እንቆይ። ባሕሩ የት ይሄዳል?»

አስካለች ተነሥታ፣ አያና የደረደረውን ልብስ ስታይ አንድ ነገር ጎደለባት። አበባ ያለበት ቀሚሷ የለም። አልጋው ላይ ለብቻው ተቀምጧል፤ በምትኩ ጥቁር ቀሚሷ ሻንጣው ውስጥ ከታች ተሸጉጧል። ጥቁሩን አውጥታ ወደ ጥግ ወረወረችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምናልባት ካስፈለገ ብዬ...»

«ስማኝ አያና። ሞተ ያለኝ ሰው የለም። ታመመ ያለኝ የለም። ይህን ተቀምጬ ከጠበቅኩ፣ ነገ ሽማግሌ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ እኔም አለቅሳለሁ። የማለቅሰው ምኑን አይቼ ነው? ወንድሜን በገዛ እጄ ልቅበረው? ነገ እንሳፈራለን።»

«እውነት ቢሆንስ?»

«እውነት ከሆነ ድሬዳዋ ላይ እሰማዋለሁ። ቤቴ ብቀመጥ ከሞት ይነሣልኛል?»

* * *

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

አስካለች አልተኛችም ነበር። ልጆቹን አልብሳ፣ እሷም አበባ ያለበትን ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በሻሽ አሥራ ትጠብቅ ነበር። ሁለተኛ ሳይንኳኳ ከፈተችው።

ግቢው ሞልቷል። አቶ ገብረጻድቅ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን እንደ ልቅሶ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከእነሱም ጋር ፈለቀች። ታጁም መጥቷል፤ ቆቡን በእጁ ይዟል። ከአጥሩ ውጪ ደግሞ በእጅ ጋሪ የተጫነ የእድሩ ድንኳን ምሰሶ ይታያል።

«እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» አሉ ገብረጻድቅ። «እስቲ ግቢና ቁጭ በይ።»

«ባቡር ያመልጠኛል። ቆሜ ልስማ።»

«እንዲህ ያለ ነገር ቆሞ አይሰማም።»

አንዲት ሴት ልቅሶዋን ልትጀምር ትንፋሽ ስትወስድ ተሰማ። አስካለች እጇን አነሣች።

«ቆይ እትዬ፣ አሁን አይደለም! ጋሼ ገብረጻድቅ፣ አክብረው መጥተዋል፣ እግዜር ያክብርልኝ። ከመቀመጤ በፊት ግን ይንገሩኝ። ማን ሞተ? መቼ ሞተ? ማን ቀበረው?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በመርዶ ላይ ተጠይቆ አያውቅም። መርዶ የሚመጣለት ሰው ይጮኻል፣ ይወድቃል፣ ይያዛል። አይጠይቅም። ገብረጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ነገሩ እንግዲህ... ሰው ሁሉ ያወቀው ነው።»

«ሰው ሁሉ ማነው? እርስዎ ከማን ሰሙ?»

«እኔ? እኔማ ከፈለቀች።»

ሁሉም ወደ ፈለቀች ዞረ። ፈለቀች ነጠላዋን አጠበቀች።

«እኔማ የፀሐዩን ነገር... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሻንጣ ልትዋሰኝ መጣች። ጅቡቲ አለች። ምን አላችሁ ስላት፣ ምንም። ታማችሁ ነው ስላት፣ አይደለም። በየት በኩል ስላት፣ በወንድሜ በኩል! ለሽርሽር ፈረንጅ አገር የሚሄድ ሰው አለ? ወልደገብርኤልን በሠርግ እንደ ወሰድነው፣ አያናም በባሕር አመካኝቶ ሊወስዳት ነው ብዬ...»

«ብለው አሰቡ?»

«አሰብኩ! ታዲያ አያና ሲጠየቅ ለምን ዝም አለ?»

አሁን ደግሞ ሁሉም ወደ አያና ዞረ። አያና ታደሰን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ ዝም ያልኩት እናንተ የምታውቁት ነገር አለ ብዬ ነው» አለ።

የታጁ ድምፅ ከኋላ ተሰማ። «ታዲያ እኔ ያን ጫማ በዚያ ዋጋ የሸጥኩት በከንቱ ነው?»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፤ አልተሸፈነም። ሴቶቹም ተያዩ። ገብረጻድቅ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ይህ የሳቅ ቀን አይደለም! ትናንት ከጣቢያው ስልክ መደወሉን ሰምተናል። ድሬዳዋ ‹የለም› መባሉስ?»

«‹የለም› ማለት ‹ሞተ› ማለት ከሆነ» አለች አስካለች፣ «እኔም አሁን ፋብሪካው ውስጥ የለሁም። ቅበሩኛ!»

ፈለቀች ቀረብ አለች፤ በእጇ የተጣጠፈ ጥቁር ነጠላ ይዛለች። «እሺ ልጄ፣ እኔ ተሳስቼ ይሆናል። ተሳስቼ ያርገው። ግን ለክፉም ለደጉም ይህችን ጣል አድርጊያት። ድሬዳዋ ደርሰሽ ደህና ከሆነ ታወልቂያታለሽ። ምን ይጎዳሻል?»

«ለሚኖር ሰው ጥቁር አልለብስም፣ እትዬ ፈለቀች።»

«ባይኖርስ?»

«ያን ጊዜ እለብሳለሁ። አሁን አይደለም።»

ገብረጻድቅ ሽማግሌዎቹን በዓይናቸው አማከሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያለው ድምፃቸው ከቁጣቸው ይከብዳል።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ሰፈር ብዙ ሰው አረድቻለሁ። እድር መርዶ ይዞ መጥቶ፣ ከደጅ ሲመለስ አይቼ አላውቅም። አሁን አበባ ለብሰሽ፣ ልጆችሽን አስከትለሽ፣ እየሳቅሽ ትሄጃለሽ። ነገሩ እውነት ሆኖ ስታለቅሺ ብትመለሺ፣ እኔ ዳኛ ሆኜ ያንን ድንኳን አላስተክልልሽም። ይህን አውቀሽ ሂጂ።»

እዚህ ሰፈር ድህነት ይቻላል፣ በሽታም ይቻላል፤ እድር የሌለው ሐዘን ግን አይቻልም። ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ምን እንደሚመስል አስካለች አንድ ጊዜ አይታለች፤ ዳግም ማየት አትፈልግም። አያና ክርኗን ያዛት። እሷም ቀና ብላ አቶ ገብረጻድቅን አየቻቸው።

«አያስተክሉ፣ ጋሼ። ፀሐዩ ሞቶ ከሆነ ባሕሩ ዳር ቆሜ አለቅሰዋለሁ፤ ድንኳኔ ሰማዩ ይሆናል። በሕይወት ካለ ግን፣ እናንተን ፈርቼ እቤቴ ቁጭ ብዬ ካለቀስኩለት፣ የገደልኩት እኔ ነኝ። አያና፣ ሻንጣውን አንሣ።»

አያና ታደሰን አውርዶ ሻንጣውን አነሣ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ። ገና ከግቢው ሳይወጡ ፈለቀች ጥቁሩን ነጠላ ብብቷ ሥር ከትታ ተከተለች።

«ቀስ በል አንተ! ጠርዙን ድንጋይ ላይ ልትመታው ነው። ወዲህ ስጠኝ፤ የሻንጣዬን አያያዝ እኔ ነኝ የማውቀው።»

አንደኛውን ጫፍ እሷ ያዘች። ታጁም የመዓዛን የስንቅ ቅርጫት ተቀበለ። ሌሎቹም፣ መጥተው ዝም ብለው መመለሱ ከብዷቸው ይሁን ወይም ነገሩን እስከ መጨረሻው ሊያዩ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ ጣቢያው ተከተሉ። ገብረጻድቅ ብቻ ጋሪው አጠገብ ቀሩ። አስካለች ዞር ብላ አየቻቸው። ምሰሶዎቹን በገመድ እያጠበቁ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩዋትም።

* * *

ባቡሩ ከአቃቂ ሲነሣ አስካለች ጀግና ነበረች። ሞጆ ሲደርሱ ግን ጀግንነቷ አለቀ። በመስኮቱ በኩል ጤፍ ያለው ሜዳ፣ ግራር፣ ቁልቁለት ያልፋል። መዓዛ «ይኼ ነው ባሕሩ?» እያለች የምታየውን ውኃ ሁሉ ትጠይቃለች። አስካለች ትመልስላታለች፣ ፈገግም ትላለች፤ ልቧ ግን ከባቡሩ ቀድሞ ድሬዳዋ ደርሷል። ጣቢያው ላይ ማን ይጠብቃታል? የፀሐዩ ጓደኞች ተሰልፈው፣ ዓይናቸውን ጥለው? አያና ስንቁን ፈትቶ ቢያቀርብላት ድርሻዋን ለልጆቹ አከፋፈለች።

«ልመለስ ብትዪ ይገባኛል» አላት በሹክሹክታ። «ናዝሬት ላይ ወርደን...»

«አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ብትለኝ ይበቃል» አለች። «ደግመህ እንዳትለኝ።»

አዋሽ ሲደርሱ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር። ባቡሩ ለምሳ ቆመና ሰው ወረደ። እንቁላልና ውኃ የሚሸጡ ሴቶች በመስኮቶቹ ሥር ይጮኻሉ። በሌላው ሐዲድ ላይ የዘይት ቱታ የለበሱ ሠራተኞች የአንድ የጭነት ፉርጎ ጎማ ይጠግናሉ። ከመካከላቸው አንዱ ቀና አለ፣ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ባቡሩን አየ። ከዚያ በእጁ የያዘውን መፍቻ ጥሎ መሮጥ ጀመረ።

አስካለች ሩጫውን ከፊቱ በፊት አወቀችው።

«አስኩ!» ፀሐዩ መስኮቱ ሥር ደርሶ ቆመ። አያናን አየ፣ መዓዛን አየ፣ ታደሰን አየ። የተከፈተው ጥርሱ ተከደነ። በጥቁር ዘይት የተለወሰው ፊቱ ላይ ደም የቀረ አይመስልም። «ሁላችሁም ናችሁ? ልጆቹ ሳይቀሩ? ማን ነው? ማን ሞቶ ነው? አክስቴ ናት?»

አስካለች እጇን በመስኮቱ አውጥታ ፊቱን ያዘችው፤ ዘይቱ መዳፏን ሞላው። ትስቃለች፣ ታለቅሳለች።

«ይኸው! ታለቅሳለች!» አለ ፀሐዩ። «አትደብቁኝ። እዚህ መሆኔን ድሬዳዋ ያሉት ነግረዋችሁ ነው? ለጥገና ከመጣሁ ሳምንቴ ነው፣ እንዴት አወቃችሁ?»

«አላወቅንም። ማንም አልሞተም» አለች በመጨረሻ። «ባሕር ልናይ ነው።»

ፀሐዩ ለአንድ አፍታ እንኳ አላመናትም። ወደ አያና ዞረ። «አያና፣ አንተ ወንድ ነህ። በእግዜር ይዤሃለሁ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

ያ ዝምተኛ አያና ከመቀመጫው ተነሣ። ሁለት ቀን ሙሉ ያፈነው ነገር ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«ባሕር ልናይ ነው አልንህ እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ የእንቁላል ሻጮቹ ሳይቀሩ ዘወር አሉ። «ጤነኞች ነን! ደስ ሊለን ነው የምንሄደው! ሰው ደስ ሊለው መንገድ አይወጣም እንዴ?»

ፀሐዩ አፉን ከፍቶ አየው። ከዚያ ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ። መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ከየት እንደመጣ ራሱም ያላወቀ ሰው ሳቅ ነበር።

«ዕብዶች ናችሁ» አለ። «ባሕር!»

«ና አብረን እንሂድ» አለች አስካለች።

«ሥራ ላይ ነኝ እኮ።»

«አክስቴ ሞታ ነው የመጣነው ብንልህ ኖሮ ፈቃድ ይሰጡህ አልነበር?»

«ለቀብርማ ይሰጡኛል። ደንብ ነው።»

«ለባሕርስ?»

ፀሐዩ የዘይት እጁን በቱታው ጠረገ። «ለባሕር... ጠይቆ የሚያውቅ ሰው የለም።»

የባቡሩ ጥሩምባ ጮኸ። የወረዱት ሰዎች እየተጋፉ መሳፈር ጀመሩ። ፀሐዩ መስኮቱን ይዞ ቆሟል፤ ወደ ሥራ ጓደኞቹ ያያል፣ ወደ እህቱ ያያል፣ ከጣቢያው ማዶ የሠራተኞቹ አለቃ ወደሚቀመጥበት የቆርቆሮ ክፍል ያያል።

«ሰበብ እንዳትፈልግ» አለችው አስካለች። «የሞተ ሰው እንዳትፈጥር። እውነቱን ነግረህ ጠይቀው።»

«ይስቅብኛል እኮ!»

«ይሳቅ! ሳቅ አይገድልህም!»

ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ፀሐዩ መስኮቱን ለቀቀና ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ድንገት ዞሮ ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ አለቃው ክፍል መሮጥ ጀመረ፤ የቱታው ጫፍ ከኋላው ይውለበለባል። አስካለች እስከ ወገቧ በመስኮቱ ወጣች። አያና ከኋላ ቀሚሷን ይዟታል፤ ነፋሱ ሻሿን ሊነጥቃት ይታገላል።

«ጠይቀው!» እያለች ትጮኻለች። «ለባሕር ነው በለው! ለባሕር!»